አውቶማቲክ የነበረ 240 ዲ ወደ ማኑዋል ቀይሬ፣ የዓባይን ዳገት ሲወጣ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል

የማርቆስ ነጭ (ደብረ ማርቆስ)

እንዴት ሰነበታችሁ። ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ መልስ ለመስጠት ይከብዳችኋልና ትንሽ ታገሱኝ።

መኪናው ማርቼዲስ 240 ዲ ነው። 1982 ሞዴል፣ ነጭ። የአባቴ ነበር። አባቴ እህል ነጋዴ ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት ነዳው። አሁን እናቴን ለሐኪም ቀጠሮ አዲስ አበባ የማመላልሰው በሱ ነው። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ በየሦስት ወሩ እንሄዳለን። ለጌጥ ያቆምኩት መኪና አይደለም።

ሞተሩ 2.4 ሊትር ናፍጣ፣ 72 የፈረስ ጉልበት፣ ቱርቦ የሌለው። ማርቆስ ከፍታዋ 2400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ያችም ጉልበት ሙሉዋን አትገኝም። በዚያ ላይ ካምቢዮው አውቶማቲክ ነበር። ባለፈው ክረምት መጀመሪያ የኋላ ማርሽ እምቢ አለ፤ ቀጥሎ ሁሉም እምቢ አለ። የሚጠግነው ሰው ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። ማኑዋል ላስገባለት ወሰንኩ። ደግሞም ዓባይ በረሃ ሲወረድ በማርሽ የሚይዝ መኪና ሁሌም እመኝ ነበር።

ዕቃውን አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ ገዛሁ። ከአንድ የተበተነ 240 ላይ የወረደ ባለ 4 ማርሽ ካምቢዮ፣ ቮላኖ (ከሞተሩ ጀርባ የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት)፣ ፔዳሎቹ ከነማቀፊያቸው፣ የላይኛው የፍሪሲዮን ፖምፓ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው)። ዘይቱን ተቀብሎ ፍሪሲዮኑን የሚያስለቅቀው የታችኛው ፖምፓ አብሮ አልነበረም። ሌላ ሱቅ ገብቼ "ይሄም ይሆናል" ያሉኝን ወሰድኩ። ሸራውና (ከቮላኖው ጋር ተጣብቆ ጉልበቱን ወደ ካምቢዮ የሚያሳልፈው ዝርግ) ፍሪሲዮኑን የሚያስለቅቀው ኩሽኔታ አዲስ ናቸው።

የተገጠመው እዚሁ ከተማ ነው። መጀመሪያ ላይ ፔዳሉን እስከ ወለል ብረግጠውም ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፣ ሞተሩን ከካምቢዮው አይለይም ነበር። የኋላ ማርሽ ሲገባ ጥርስ የሚያስነክስ ድምፅ ያሰማል። ሠራተኛው ከፔዳሉ ወደ ላይኛው ፖምፓ የሚገባውን ዘንግ አወጣ፣ ቆረጠ፣ መሐሉ ላይ ብረት ጨምሮ በየደው። 4 ሚሊ ሜትር ያህል ረዘመ። ከዚያ ማርሹ እንደ ቅቤ ገባ። ደስ ብሎኝ ከፍዬ ወጣሁ።

ማርቆስ ውስጥ ሁለት ሳምንት ነዳሁት፤ ምንም የለም። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሄድን። ሲመለስ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን መውጣት እንደጀመርን፣ በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ መጮህ ጀመረ። ድምፁ ይጨምራል፣ መኪናው ግን አይጨምርም። የተቃጠለ ሸራ ሸተተኝ። ፔዳሉን ስነካው ድርቅ ብሏል፤ ገና ከላይ ነው የሚይዘው። ጥግ ይዤ አቆምኩ። እናቴ ከኋላ ወንበር ላይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ጸሎት ጀመረች። አርባ ደቂቃ ያህል ቆመን ነዳሁት። ምንም እንዳልሆነ ሰው ሽቅብ ወጣ። ደጀን ልንገባ ስንል እንደገና ያው ሆነ።

እዚህ ስጠይቅ "ሸራው ተቃጥሏል፣ ቀይር" ይሉኛል። ገና አዲስ ነው እኮ። ጥያቄዬ ይሄ ነው። ያ ዘንግ ትክክለኛ ርዝመቱና አቀማመጡ እንዴት ነው የሚታወቀው? የታችኛው ፖምፓ አቀማመጥስ ለውጥ ያመጣል?

ቡሬ ናፍጣ (ቡሬ)

አየር ነው ወንድሜ። መሥመሩ ውስጥ አየር ካለ ሲሞቅ ይነፋል። አየሩን አስወጣና እንደገና ሞክረው።

ሌላው፣ ከሞተሩ ጀርባ ያለው ጎሚኒ ዘይት እየለቀቀ ሸራው ላይ ወድቆ እንዳይሆን። ካምቢዮው ሲወርድ ያ ጎሚኒ ተቀይሯል? እኔ በአንድ ኢሱዙ ላይ ደርሶብኝ ሦስት ጊዜ ሸራ ከቀየርኩ በኋላ ነው የነቃሁት።

የዳንግላ ቮልስ (ዳንግላ)

እኔ የማውቀው ቮልስ ነው። የኛ በገመድ ስለሆነ ዘይትም ፖምፓም የለውም። ግን አንድ ነገር ይመሳሰላል። ቮልስ ላይ ፔዳሉ ኩሽኔታውን ከመንካቱ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ባዶ መሄድ አለበት። ባዶ ጉዞ ከሌለው ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በትንሹ እንደተረገጠ ነው፤ ዳገት ላይ ያንሸራትታል። ገመዱ የሚያልፍበት ቱቦም ትንሽ መለመጥ አለበት፤ ቀጥ ካለ ፍሪሲዮኑ ሲይዝ መኪናው ይንቀጠቀጣል።

ያንተ ፔዳል ባዶ ጉዞ አለው? በእጅህ ጫን ብለህ እየው፤ በእግር አይታወቅም።

ፍኖተ ሰላም ጋራዥ (ፍኖተ ሰላም)

ልጄ፣ ሸራውን እንዳትቀይር። ገንዘብህን ያዝ። ብትቀይረው አዲሱም በዚያው ዳገት ላይ ይቃጠላል።

እኔ ፍኖተ ሰላም ላይ 34 ዓመት መኪና ፈትቻለሁ። ያሠለጠነኝ ሰው ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የተማረ ነበር፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው ማለቴ ነው። ፍሪሲዮን ሲያሠራኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "እግርህን ስታነሳ የት ድረስ ተመለሰ?" ብሎ ነው። ስትረግጠው የት ድረስ ሄደ የሚለውን በኋላ ነበር የሚያየው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህን ገልብጦ ነው። ማርሽ አልገባ ሲል ሁሉም ሰው ጉዞ መጨመር ነው የሚታየው። መመለሻውን የሚያስብ የለም።

ያንተን ላስረዳህ። የላይኛው ፖምፓ ውስጥ ወደ ዘይት ዕቃው የሚያስወጣ አንዲት ቀጭን ቀዳዳ አለች። እግርህን ስታነሳ ፒስተኑ ከዚች ቀዳዳ ጀርባ ድረስ መመለስ አለበት። ያኔ መሥመሩ ክፍት ነው። ዘይቱ በሙቀት ቢያብጥ በቀዳዳዋ ወደ ዕቃው ይወጣል፤ ቢጎድል ከዕቃው ይወርዳል። ፒስተኑ ቀዳዳዋን አልፎ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ወደፊት ከቀረ መሥመሩ ተዘግቷል ማለት ነው።

አሁን ዓባይ በረሃ ውረድበት። ታች ያለውን ሙቀት ታውቀዋለህ። ሽቅብ ስትወጣ ሞተሩ ይግላል፣ ከሥር የጭስ ቱቦው ይግላል፣ ካምቢዮው የተጋጠመበት ቤት ይግላል። ዘይቱ ያብጣል። መውጫ የለውም። ያለው መንገድ የታችኛውን ፖምፓ መግፋት ብቻ ነው። ያ ሹካውን ይገፋል፣ ሹካው ኩሽኔታውን ይገፋል፣ ኩሽኔታው ፍሪሲዮኑን ያላላዋል። አንተ እግርህን ከፔዳሉ አንስተሃል፤ ፍሪሲዮኑ ግን እንደተረገጠ ነው። ሲያንሸራትት ደግሞ ራሱ ሙቀት ይጨምራል። ፔዳሉ ድርቅ አለ፣ ከላይ ያዘ ያልከው ለዚህ ነው። አርባ ደቂቃ ስትቆም ዘይቱ ቀዘቀዘ፣ መጠኑ ተመለሰ፣ ፍሪሲዮኑ ያዘ።

የቡሬው ወንድማችን ያለው አየር ብቻውን እንዲህ አያደርግም። መሥመሩ ክፍት ከሆነ አየርም ቢነፋ ዘይቱን ወደ ዕቃው ይመልሰዋል። አየር ያለበት ፔዳል ደግሞ ስፖንጅ ነው የሚመስለው፤ ያንተ ደርቋል። የሸራው ላይ ዘይት ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። ሆኖም ዘይት የነካው ሸራ ቆሞ ስለቀዘቀዘ አይድንም። ያንተ ይድናል።

"ታዲያ ዘንጉ ሲረዝም ማርሹ ለምን ገባ?" ትለኝ ይሆናል። ትክክለኛው ዘንግ ፒስተኑን ከመንካቱ በፊት ትንሽ ባዶ ይሄዳል፤ ፒስተኑም ቀዳዳዋን እስኪዘጋ ትንሽ ባዶ ይሄዳል። ዘንጉን ያረዘመው ሰው እነዚህን ሁለት ባዶ ጉዞዎች ወስዶ ሥራ ላይ አዋላቸው። ስለዚህ ከታች ሁለት ሦስት ሚሊ አገኘ። ማርሽህ ገባ። ግን የወሰደው መመለሻህን ነው። ከመጀመሪያውም ጉዞው ያነሰው በሌላ ምክንያት ነው፤ እሱን በኋላ እንመጣበታለን።

ከማመንህ በፊት ሞክረው። ሲያንሸራትት ሜዳ ቦታ ላይ አቁም። እጅ ፍሬን ያዝ፣ ከፊትና ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ። ሞተሩን አጥፋ። ታች ፖምፓው ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን በቁልፍ ሩብ ዙር አላላት። ዘይት ፊጭ ብሎ ከወጣ መሥመሩ ውስጥ ግፊት ቀርቶ ነበር ማለት ነው። መልሰህ ጥበቃት፣ ንዳው። ወዲያው ከያዘ ነገሩ ታወቀ። ፊትህን አታስጠጋ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፤ የአባትህ መኪና ላይ እንዳይፈናጠቅ ጨርቅ ያዝበት።

አስተካካዩ ደግሞ ብየዳ አይደለም። ዘንጉን ከፔዳሉ ጋር የሚያያይዘውን ቡሎን ተመልከት። ወገቡ ክብ ሆኖ መሐሉ የተዛነፈ ነው። ስታዞረው ዘንጉ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይሄዳል። ፋብሪካው የሠራው ለዚሁ ነው። ዳዶውን አላላ፣ ቡሎኑን አዙር፣ በዘንጉና በፒስተኑ መሐል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ ሲኖር አጥብቅ። ፔዳሉ ረጅም ስለሆነ ይህች 1 ሚሊ እግር መርገጫው ላይ ብዙ ሚሊ ትሆናለች። በእግርህ አትለካት። እዚያ ያለው ወፍራም ሞላ ፔዳሉን ስለሚያግዘው እግርን ያታልላል። ወለሉ ላይ ተኛ፣ ዘንጉን በሁለት ጣት ይዘህ ወዝውዘው።

ዘንጉ ወደ ፖምፓው የሚገባበትንም ተመልከት። ፔዳሉ በቅስት ነው የሚሄደው፤ ፒስተኑ በቀጥታ። ስለዚህ ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ዘንጉ ከፔዳሉ ክንድ ጋር የ90 ዲግሪ ማዕዘን ሠርቶ መቆም አለበት፤ ያኔ ላይም ታችም ሲሄድ የሚያዘነብለው እኩል ነው። ከዳር እስከ ዳር አዘንብሎ የሚገፋ ከሆነ ጎሚኒውን በአንድ ወገን ይበላዋል። በመጨረሻ ዘይቱ የሾፌሩ ምንጣፍ ላይ ይንጠባጠባል። ምንጣፉን ገልብጠህ ዳብሰው።

የማርቆስ ነጭ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልስዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ወደ ደጀን ነዳሁ። እናቴን አላስከተልኩም። ከደጀን ወደ ታች እስከ ድልድዩ ወረድኩና ተመለስኩ። አጋማሽ ላይ እንደ ልማዱ ጀመረው። አንዲት ሜዳ ቦታ አግኝቼ አቆምኩ። ድንጋይ አደረግሁ። ጨርቅ ጠቅልዬ ቡሎኗን አላላኋት። ዘይቱ ጨርቁን ጥሶ ክንዴ ላይ መጣ! አጠበቅኋት። ገብቼ ብነዳው በሦስተኛ ማርሽ አንድም ሳይንሸራተት ወጣ። ደጀን እስክደርስ በራሴ ሳቅሁ።

ማታ ቤት ገብቼ ወለሉ ላይ ተኝቼ በባትሪ አየሁት። ዘንጉ ምንም አይወዛወዝም። ፒስተኑ ላይ ተገትሯል። ያሉኝን የተዛነፈ ቡሎን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ባዞረውም ባዶ አላገኘሁም። ብየዳው ያለበት ቦታ ደግሞ በትንሹ ታጥፏል፤ ማስመሪያ አስጠግቼ ነው ያወቅሁት። ምንጣፉን ገልብጬ ዳበስኩ። ጣቴ እርጥብ ሆነ።

ከታች ደግሞ ረዳት ፔዳሉን እየረገጠልኝ የታችኛውን ፖምፓ ዘንግ ጉዞ በማስመሪያ ለካሁ። 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከላይ ፒስተኑ 17 ገደማ ይሄዳል። ልክ ነው ይሄ?

ባሕር ዳር ቶርኖ (ባሕር ዳር)

እኔ ቶርኖ ቤት ነው የምሠራው፤ መኪና አልፈታም። ግን እንዲህ ዓይነት ዘንግ በየወሩ ይመጣልኛል። እባክህ ያንን የተበየደ ዘንግ አትመልሰው። ዘንጉ ተጫኝ ነው፤ እየተገፋ ነው የሚኖረው። ብየዳው ጎን ያለው ብረት በሙቀት ለስልሷል። መጀመሪያ በትንሹ ይታጠፋል፣ ከዚያ አንድ ቀን እግርህ ሥር ይሰበራል። ያ ቀን ዳገት ላይ ሊሆን ይችላል።

ከአንድ ወጥ ብረት አስቀርጽ። ርዝመቱን ከተበየደው ላይ እንዳለ አትውሰድ። በብየዳ የተጨመረውን 4 ሚሊ ቀንስ፤ ካልተማመንክ በሁለት ዳዶ የሚረዝምና የሚያጥር አድርገን እንሠራዋለን። ፒስተኑን የሚነካው ጫፍ እንደ እንቁላል ጫፍ ክብ መሆን አለበት፤ አብረቅርቆ የተወለወለ። ጠፍጣፋ ጫፍ ፒስተኑን እየነከሰ ያዛንፈዋል። ብዙ ሰው ይቺን ይንቃታል፣ እኔ ግን ከርዝመቱ እኩል ነው የማያት።

አንድ ልጠይቅህ። ሞተሩ አውቶማቲክ ነበር ብለሃል። የአውቶማቲክ ሞተር ክራንክ መሐሉ ላይ የማኑዋሉን ካምቢዮ ዘንግ ጫፍ የምትይዘው ትንሿ ኩሽኔታ የለችውም። ስትቀይር መጨመር አለባት። ተጨምራለች? ካልተጨመረች የካምቢዮው ዘንግ ጫፉ አየር ላይ ነው። ይዋልላል፤ ፍሪሲዮኑ ሲለቅ እንኳ ሸራው ከቮላኖው ጋር ይተሻሻል። የኋላ ማርሽ የሚጮኸው ከዚያም ሊሆን ይችላል።

ቮላኖውንም ሚዛን ላይ አስቀምጣችሁት ነበር? የነዚህ የናፍጣ ማርቼዲሶች ክራንክና ቮላኖ አብረው ነው ሚዛናቸው የሚስተካከለው። ከሌላ ሞተር የመጣ ቮላኖ ከሆነ፣ ከወረደው ጋር እያነጻጸሩ ማመዛዘን ያስፈልጋል። መኪናው ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጠው ቆሞ ሲሠራ) ከተንቀጠቀጠብህ እሱን አስብ።

የማርቆስ ነጭ

እህታለም፣ ኩሽኔታዋ ገብታለች፤ የገዛሁበት ደረሰኝ አለኝ፣ ስትገባም ቆሜ አይቻለሁ። ቮላኖው ግን እንዲሁ ነው የታሰረው። ሚኒሞ ላይ አይንቀጠቀጥም፤ ሲፈጥን ትንሽ እጅ ላይ ይሰማል። ካምቢዮው እንደገና ሲወርድ አመጣልሻለሁ። ዘንጉን ግን ማክሰኞ በሰው እልካለሁ።

ፍኖተ ሰላም ጋራዥ

ቶርኖዋ ልክ ብላለች። ዘንጉን እሷ ትሥራልህ።

አሁን 9 ሚሊህን እንይ። የመጀመሪያው በሽታ እዚህ ነው ያለው። "ይሄም ይሆናል" ተብሎ የተገዛውን የታችኛውን ፖምፓ አውርደህ ውስጡን በካሊፐር ለካው። የላይኛውንም ለካ። ወይም ገላው ላይ ቁጥሩ ተጽፎ ታገኘዋለህ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ከላይ የገፋኸው ዘይት ያው ነው ታች የሚደርሰው። የታችኛው ሰፊ ከሆነ ያው ዘይት ተንጣሎ ይሞላዋል፤ ጉዞው ያጥራል። የሁለቱንም ስፋት በራሱ አብዛ፣ ከዚያ የላይኛውን ለታችኛው አካፍል። ለምሳሌ ላይ 19፣ ታች 25 ቢሆን፣ 361 ለ625 ነው። ወደ 0.58 ይሆናል። 17 ሚሊ ብትገፋ ታች 10 እንኳ አይሞላም። ያንተ 9 ነው፤ ቱቦው ሲለጠጥ ትንሽ ይበላል። እንዲህ ያለ ፖምፓ ፔዳሉን ለስላሳ ያደርገዋል፣ ለገዢው ደስ ይለዋል። ግን ፍሪሲዮኑ አይለቅም።

ስለዚህ ለዚሁ መኪና የተሠራውን የታችኛ ፖምፓ ፈልግ። "ይሆናል" አትቀበል። አሮጌውን ይዘህ ሂድና ስፋቱን እያስተያየህ ግዛ።

ስትገጥመው ደግሞ በፖምፓውና በካምቢዮው ቤት መሐል የምትገባ ቀጭን የፕላስቲክ ዝርግ አለች። ጎድጎድ ያለ መሥመር አላት። በዚያ መሥመር መለኪያ አስገብተው የሸራውን መሳሳት ያዩበታል። ብዙ ጋራዥ "ይቺ ምን ትሠራለች" ብሎ ይጥላታል። ጠቃሚ ናት። ከሌለች ፖምፓው ወደ ሹካው ይጠጋል፣ ፒስተኑም ወደ ውስጥ ተገፍቶ ይቀመጣል። ሸራ እየሳሳ ሲሄድ ሹካው ፒስተኑን የባሰ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል፤ ለዚያ የሚሆን ቦታ ከሌለው ከሥሩ ይገተራል። ያኔ ከታች በኩል ያው ማንሸራተት ይመጣብሃል። ከላይም ከታችም መመለሻ ይኑረው።

አየሩን ከላይ ወደ ታች አትሞክረው፤ ትደክማለህ። አየር ወደ ላይ ነው መውጣት የሚወደው። የቀኝ የፊት ጎማ ፍሬን ላይ ካለችው ማስወጫ አንድ ንጹሕ ቱቦ ሰካ። ፍሬኑን እየረገጥክ ቱቦውን ዘይት ሙላው፤ አረፋ እስኪያልቅ። ከዚያ ሌላውን ጫፍ የታችኛው ፖምፓ ማስወጫ ላይ ሰካ። ሁለቱንም አላላ። አንድ ሰው ፍሬኑን ቀስ ብሎ ይርገጥ፤ እግሩን ከማንሳቱ በፊት የጎማው በኩል ያለችው ትጠበቅ። እንደገና ትላላ፣ ይርገጥ። ዘይቱ ከታች ወደ ላይ እየገፋ አየሩን በዕቃው በኩል ያወጣዋል። ዕቃው ላይ ዓይንህን አድርግ፤ አረፋ ሲያልቅ በቃ። ሲጨርስ ሁለቱንም አጥብቀህ ፍሬንህን ፈትሽ። ፍሬን ነው፤ ሳትፈትሽ ከግቢ እንዳትወጣ።

ዕቃውም ያው የፍሬኑ ነው። የፍሪሲዮኑ ቱቦ ከፍ ብሎ ስለሚወጣ ፍሪሲዮኑ ቢያፈስ እንኳ ለፍሬኑ ዘይት ይቀራል። ግን ምንጣፍህ ከረጠበ አትዘግይ። የላይኛውን ፖምፓ ጎሚኒ አሁኑኑ ቀይር፤ አዘንብሎ የሚገፋ ዘንግ ያን ያህል ቀን ገፍቶታል።

ቡሬ ናፍጣ

ጋሼ፣ ያቺን የፕላስቲክ ዝርግ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ጥያታለሁ። አመሰግናለሁ።

የማርቆስ ነጭ

የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

የታችኛው ፖምፓ ውስጡ 25 ሆኖ ተገኘ፤ ጋሼ ለምሳሌ ብለው የጻፉት ቁጥር ነው። የላይኛው 19። ወንድሜ ሶማሌ ተራ ሄዶ አሮጌውን በእጁ ይዞ ሲያስተያይ ውሎ ትክክለኛውን አገኘ። ከዚያኛው ጠበብ ይላል። ዝርጓ ሌላ ሱቅ ነው የተገኘችው። ሻጩ በነጻ ሰጠው።

ዘንጉ ከባሕር ዳር ሐሙስ ደረሰ። ጫፉ መስተዋት ይመስላል። የተዛነፈውን ቡሎን መሐል ላይ አድርጌ ጀመርኩ፤ ወደ ኋላ ትንሽ ሳዞረው በጣቴ ትክ ትክ የሚል ባዶ ተሰማኝ። እዚያ ላይ አጠበቅሁ። የላይኛውን ፖምፓ ጎሚኒ ሳወጣው በአንድ ወገን በኩል ከንፈሩ ተበልቶ ነበር። ልክ እንዳሉት። ፔዳሉ አሁን ከፍሬኑ ጋር እኩል ነው የቆመው።

አየሩን በፍሬኑ በኩል አስወጣን። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ታች ስለካው 12 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። የኋላ ማርሽ ሦስት ቆጥሬ ሳስገባው ድምፅ የለውም።

ትናንት ከእናቴ ጋር ሄድን። ስንመለስ ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩ፤ ፍሬን የነካሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ድልድዩን ተሻግሬ ስወጣ ሙቀቱ ቀትር ላይ ነበር። ፊቴ የጭነት መኪና ተሰለፈና ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስመላለስ ቆየሁ። ለመጥፎው የተመቸ ቀን ነበር። አንዴም አላንሸራተተም። ያቺ የቆምንባት ጥግ ስንደርስ እናቴ "እዚህ አይደል የቆምነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ሳናቆም አለፍን።

ደጀን ላይ አቁሜ ከሥር ገባሁ። የታችኛው ፖምፓ እጅ ያቃጥላል። ማስወጫዋን በጨርቅ ይዤ አላላኋት። ዘይቱ አልተፈናጠቀም፤ ጠብ ጠብ ብቻ አለ። አጠበቅኋትና ጉዞ ቀጠልን።

ጋሼ፣ ፍኖተ ሰላም ስመጣ ጋራዥዎ የት አካባቢ እንደሆነ በውስጥ መሥመር ይንገሩኝ። እናቴ የማኛ ጤፍ አዘጋጅታለች፤ "ለሰውየው ሳታደርስ እንዳትውል" ብላኛለች።